ኬኩ ለምን ዘመመ?

የምግብ ዝግጅት ተማሪዎች ቶርታ ማስዋብ በሚለማመዱበት ክፍል ውስጥ የሚሰማው ቅሬታ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ክሬሙ ፈሰሰብኝ።» «ፍርፋሪው ከነጩ ጋር ተቀላቀለ።» «ላይኛው ወደ ጎን ሸሸ።» «ቀዩ ጽሑፍ ሮጠ።» «ፎንዳንቱ ተሰነጣጠቀ።» የሚሰጠው መልስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «እጅሽ ገና አልለመደም፤ ይለምዳል።»

መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ግን ነው። እጅ የሚለምደው የሚነካውን ነገር ሲያውቅ ነው። ስኳር ውኃ ይስባል፣ ቅቤ ይቀልጣል፣ የእንቁላል ነጭ ቅባት ሲነካው አረፋው ይሞታል። እነዚህን ነገሮች ማንም ከመጀመሪያው አላወቃቸውም። ሰዎች ለዘመናት እየተሳሳቱ ደረሱባቸው። ዛሬ ተማሪዋን የሚያስለቅሳት እያንዳንዱ ችግር ከእሷ በፊት የሌሎች ችግር ነበር፤ የብዙዎቹ መፍትሔ ደግሞ የተወለደበት አገርና ዘመን አለው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወጥ ጨው ቢበዛበት ድንች ተጨምሮ ይበላል፣ ካልሆነም ነገ ሌላ ይሠራል። ቶርታ ግን ቀን አለው። የልጅ አንደኛ ዓመት ልደት፣ ምርቃት፣ ሠርግ፣ ማንኛቸውም ነገ አይደገሙም። የአንድ ትልቅ ቶርታ እንቁላል፣ የገበታ ቅቤና ዱቄት ስኳር ደግሞ ስንት እንደሚያወጣ የገዛ ያውቀዋል። ስለዚህ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የገንዘብም ጥያቄ ነው። በመጨረሻ እንደምናየው፣ አንዳንዴ የጤናም ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነጩ የሀብት ቀለም

ስኳር ለረጅም ጊዜ የሚበላ ብቻ ሳይሆን የሚታይ ነገር ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካይሮን የጎበኘው ፋርሳዊው ተጓዥ ናስር ኹስሮው፣ በፋጢሚዶች ቤተ መንግሥት የበዓል ማዕድ ላይ ቅርንጫፉም ቅጠሉም ፍሬውም ከስኳር የተሠራ የብርቱካን ዛፍ የሚመስል ነገር ማየቱን ጽፏል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም በነገሥታት ግብዣ ላይ ከስኳር የተሠሩ ግንቦችና እንስሳት ይቀርቡ ነበር። የእነዚህ ሁሉ መልእክት አንድ ነው፦ እዩ፣ እኛ ስኳር አለን።

ኬክን ነጭ የማድረግ ልማድ ከዚሁ ይመነጫል። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የእንቁላል ነጭና ደጋግሞ የተጣራ ስኳር ተመትቶ ኬኩ ላይ ይቀባና ምድጃ ውስጥ ተመልሶ ይደርቅ ነበር። ስኳር በተጣራ ቁጥር ይነጣል፤ በነጣ ቁጥርም ይወደዳል። ንጣቱ የንጽሕና ምልክት ብቻ አልነበረም፤ የኪስ ምልክትም ነበር።

የዚያ ስኳር ብዛት የመጣው በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት ይሠሩ ከነበሩ አፍሪካውያን ጉልበት እንደሆነም አብሮ መታወስ አለበት። በ1791 የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የሚያስቀር ሕግ ውድቅ ሲያደርግ፣ በብሪታንያ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች የካሪቢያን ስኳር አንገዛም ብለው አደሙ። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ያን ጊዜ የፖለቲካ አቋም ነበር። የቶርታ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ገጽ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ፍርፋሪው፦ የ1769 መፍትሔ

አሁን ወደ መጀመሪያው ቅሬታ እንምጣ። ኬኩን በነጭ ክሬም ስትቀቡት ቡናማ ፍርፋሪ እየተነሣ ይቀላቀላል። በስፓቱላ ባስተካከላችሁት ቁጥር ይብሳል።

ኤሊዛቤት ራፋልድ የምትባል እንግሊዛዊት በአንድ ትልቅ ቤት የቤት ሥራ ኃላፊ ነበረች፤ በኋላ በማንቸስተር የራሷን ሱቅ ከፈተች። በ1769 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የሙሽራ ኬክ አሠራር አለ። ኬኩ በዘቢብና በቅመም የጠቆረ ነው። እሷ በቀጥታ ነጩን አልቀባችውም። መጀመሪያ የለውዝ ሊጥ (ዛሬ ማርዚፓን የምንለው ዓይነት) አለበሰችው፤ ከዚያ በላዩ ነጩን ስኳር። ሁለቱን ደራርቦ በሙሽራ ኬክ ላይ በማዋል በጽሑፍ የምትታወቀው የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

የለውዙ ንጣፍ ጣዕም ብቻ አይደለም። በጥቁሩ ኬክና በነጩ ስኳር መካከል የቆመ ግድግዳ ነው። የኬኩን ፍርፋሪ፣ እርጥበትና ቅባት ይይዛል፤ ነጩ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ መምህራን «መጀመሪያ ስስ ክሬም ቀቢና ፍሪጅ አስገቢው» የሚሉት ያው የግድግዳ ሐሳብ ነው። ለውዝ ስለሌለን ክሬሙን ራሱን ግድግዳ እናደርገዋለን። ግን ግድግዳ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ኬኩ እስከ መሐሉ መብረድ አለበት፤ ለብ ያለ ኬክ ክሬሙን ከሥር ያቀልጠዋል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ቅብ ስስ ይሁን፤ ኬኩ በውስጡ ቢታይ ምንም አይደለም። ሦስተኛ፣ ቅቡ በጣት ሲነካ እስከማይያያዝ ድረስ ይቀዝቅዝ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ፍርፋሪ የነካውን ስፓቱላ ወደ ዋናው የክሬም ሳህን አትመልሱት። ለመጀመሪያው ቅብ ሌላ ሳህን ይኑራችሁ።

ስንጥቁና ድርቀቱ፦ የንግሥቲቱ ኬክ

የካቲት 10 ቀን 1840 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል አልበርትን አገባች። የሠርጓ ኬክ 300 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። የተሸፈነው በእንቁላል ነጭና በስኳር ነው፤ እንግሊዞች «ሮያል አይሲንግ» የሚሉት። ስሙ ከዚህ ሠርግ መጣ የሚል ተረት በሰፊው ይነገራል፤ መጠሪያው ግን ቪክቶሪያ ከመወለዷ በፊት በእንግሊዝ የጣፋጭ መጽሐፍ ታትሞ ይገኛል። የኬኩ ቁራጮች ለማስታወሻ ተጠብቀው የቆዩ ሲሆን፣ አንዱ በ2016 ለንደን ውስጥ በጨረታ በ1,500 ፓውንድ ተሸጧል። አዎ፣ 176 ዓመት የቆየ ኬክ።

እንዴት ቆየ? የዘቢብ ኬክ በስኳርና በአልኮል የተሞላ ስለሆነ በቀላሉ አይሻግትም፤ ነጩ ሽፋን ደግሞ እንደ ግድግዳ ኖራ ይደርቃል። ጥንካሬው ጥቅሙ ነው፤ ጉዳቱም እሱ ነው። ከጊዜ በኋላ ሽፋኑ በቢላ የማይደፈር ሆነ። የእንግሊዝ ጋጋሪዎች ያገኙት መላ ጥቂት ግሊሰሪን መጨመር ነበር፤ ግሊሰሪን እርጥበት ስለሚይዝ ሽፋኑ ጨርሶ አይደነድንም።

ተማሪ እዚህ የሚያጋጥመው ችግር ሦስት መልክ አለው። አረፋው ካልተነሣ ሳህኑ ወይም መምቻው ቅባት ነክቶታል፣ አለዚያም አስኳል ገብቶበታል። በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል። ከኖዝሉ ሲወጣ ከተቆራረጠ ወይ ደርቋል ወይ አየር ይዟል፤ ጥቂት የውኃ ጠብታ ጨምሮ በማንኪያ ቀስ ብሎ ማሸት ያድነዋል። ሳህኑ ላይ ቅርፊት ከያዘ ደግሞ ክፍት ተትቶ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈንበት።

ፎንዳንትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጠርዙ ላይ እንደ ዝሆን ቆዳ የሚሰነጣጠቀው አየር ላይ ስለሚደርቅ ነው። ጥቂት የአትክልት ቅባት እጅ ላይ ቀብቶ ማሸት፣ የማይሠራበትን በፕላስቲክ መጠቅለል፣ ሲዳመጥ ዱቄት ስኳር አለማብዛት። ከፍሪጅ ሲወጣ የሚያልበው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ስኳር ከአየር ውኃ ይስባል። ያላበውን አትጥረጉት። ማራገቢያ ፊት አስቀምጡትና ታገሡ፤ ራሱ ይደርቃል።

የዘመመው ፎቅ

የቪክቶሪያ ኬክ ትልቅ ነበር እንጂ እንደ ዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረም። በ1858 የመጀመሪያ ልጇ ስታገባ ረጅም ባለፎቅ ኬክ ቀረበ፤ የላይኛዎቹ ፎቆች ግን ከስኳር የተሠሩ ጌጦች እንጂ ኬክ አልነበሩም። ሁሉም ፎቅ የሚበላ ኬክ የሆነው በ1882 በልጇ በልዑል ሊዮፖልድ ሠርግ ነው ይባላል።

በመካከሉ ለምን ይህን ያህል ዓመት አለፈ? ኬክ ኬክን መሸከም አይችልም፤ መልሱ ይኸው ነው። ለስላሳ ነገር ላይ ክብደት ስትጭኑ ይሰምጣል፤ በአንድ ወገን ትንሽ የበለጠ ከሰመጠ ያዘማል። የያን ዘመን ጋጋሪዎች መጀመሪያ ሽፋኑ እስኪደነድን ጠበቁ። በኋላ ምሰሶ አቆሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ምሰሶዎች በስኳር የተሸፈነ የመጥረጊያ እንጨት ነበሩ ይባላል። ልክ ቤት ሲሠራ እንደሚሆነው፣ ክብደቱን ግድግዳው ሳይሆን ምሰሶው ተሸከመ።

ዛሬም ሕጉ ያው ነው። እያንዳንዱ ፎቅ በራሱ ካርቶን ላይ ይቀመጥ። ከሥሩ ባለው ኬክ ውስጥ ቁመታቸው ፍጹም እኩል የሆነ አራት ወይም አምስት ምሰሶ (ንጹሕ እንጨት ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ) ይተከል። ካርቶኑ የሚያርፈው ምሰሶዎቹ ላይ እንጂ ክሬሙ ላይ አይደለም። አንዱ ምሰሶ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢያጥር ዝመቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ፎቅ የሌለው ቶርታ ቢዘምስ? ምክንያቱ ሁለት ነው። የኬኩ አናት ጉብ ብሎ ሳይቆረጥ ሌላው ተጭኖበታል፤ ወይም በመካከሉ ያለው ክሬም ወይም ማርማላታ ለስላሳ ሆኖ ወደ ጎን እየሸሸ ነው። ጎኑ ላይ ቀለበት የመሰለ እብጠት የሚወጣውም ለዚህ ነው። አናቱን በመጋዝ ቢላ ደልድሉ፣ ጠርዙ ላይ በጠንካራ ክሬም ክብ አጥር ሥሩ፣ ለስላሳውን ከአጥሩ ውስጥ ሙሉ። ከዚያ ከመጨረሻው ቅብ በፊት ጥቂት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። የሚሰምጠው ነገር ሳይዋብ በፊት ይስመጥ።

የፈሰሰው ክሬም፣ የጦም ቶርታና ሽምብራ

ቅቤ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጨርሶ ይቀልጣል፤ ከዚያ ብዙ በፊት ግን ቅርጽ መያዝ ያቆማል። የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ የሚቆም ጽጌረዳ ድሬዳዋ ላይ የማይቆመው ለዚህ ነው። የሠሪዋ እጅ አንድ ሆኖ ሳለ ከተማው ይለያል።

ይህን ጣጣ የቀየረው የጋጋሪ ጥበብ ሳይሆን የኬሚስትሪ ሥራ ነው። በ1869 ፈረንሳዊው ኢፖሊት ሜዥ ሙርዬ በሦስተኛው ናፖሊዮን ዘመን ለቅቤ ርካሽ ምትክ ተፈልጎ ማርጋሪንን ሠራ። በ1902 ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጅን የማጠንከሪያ ዘዴ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። በ1911 አሜሪካ ውስጥ ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራው ክሪስኮ ገበያ ወጣ። ይህ ዓይነቱ ቅባት ነጭ ነው፣ ከቅቤ ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ የአሜሪካ የልደት ኬክ ነጭ ክሬም አብዛኛው የተሠራው በእሱ ነው። በ1945 ደግሞ በቡፋሎ ከተማ ሮበርት ሪች ከአኩሪ አተር የተሠራ የሚመታ ክሬም አወጣ። ወተት የለበትም፤ ሲመታ ግን እንደ ወተት ክሬም ያብጣል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሳናስበው ቤታችን ይገባል። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ገና ጦም። ልደት የሚውልበትን ቀን አይመርጥም። በኢትዮጵያ ኬክ ቤቶች የጦም ቶርታ ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው፤ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት። በቡፋሎ ለሌላ ዓላማ የተፈጠረው ዓይነት የአትክልት ክሬም እዚህ የጿሚ ክሬም ሆነ። ቤኪንግ ፓውደሩም ተመሳሳይ ዕጣ አለው፤ አልፍሬድ በርድ የተባለ የበርሚንግሃም ኬሚስት በ1843 የሠራው ባለቤቱ እርሾ ስለማይስማማት ነበር። እንቁላልም አይስማማትም ስለነበር በ1837 እንቁላል የሌለው የከስተርድ ዱቄት ሠርቶላታል። ሰውየው ስለ ጦም አላሰበም፤ የጦም ቶርታ ግን የእሱ ባለዕዳ ነው።

የአትክልት ክሬም ጸባዩን ማወቅ ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ካልሆነ አይነሣም፤ ሳህኑንም መምቻውንም አብራችሁ አቀዝቅዙ። ከመጠን በላይ ሲመታ ይሻክርና በትንንሽ ቀዳዳ ይሞላል፤ ጎኑን ምንም ብታስተካክሉት ለስልሶ አይወጣም። አትጣሉት። ያልተመታ ቀዝቃዛ ክሬም ጥቂት ጨምራችሁ በማንኪያ ከታች ወደ ላይ እያነሣችሁ አዋህዱት፤ ይመለሳል።

ስለ እንቁላሉ ነጭም መላ አለ፤ ያውም ቅርብ። በ2014 ጆኤል ሮሰል የተባለ ፈረንሳዊ የጥራጥሬ ቅቅል ውኃ እንደ እንቁላል ነጭ ተመትቶ አረፋ እንደሚሆን አሳየ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሠራበት የሽምብራ ውኃ ነው። ሽምብራ! እኛ በሹሮ፣ በቆሎና በአሳ የምናውቀው። ለረጅም ጊዜ ሽምብራ ቀቅለን ውኃውን ደፍተናል። ወፈር ያለው የቅቅል ውኃ ቀዝቅዞ ከስኳርና ከጥቂት የሎሚ ጠብታ ጋር ሲመታ፣ ለጦም የሚሆን ነጭ አረፋ ይወጣዋል።

መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳር ነው

ተማሪዎቻችንን በብዛት የሚያደናግረው ችግር ግን በፈረንጅ መጻሕፍት ብዙም አይገኝም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ይህ ማስዋብን ምን አገባው? የጣልያን ሜሪንግ ክሬም ስትሠሩ መጽሐፉ «ሽሮፑን እስከ 118 ዲግሪ አፍሉ» ይላል። ያ ቁጥር ውኃ በ100 ለሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ 118 ሲደርስ ሽሮፑ ከሚገባው በላይ ውኃ አጥቷል፤ እንቁላሉ ላይ ሲፈስ ክር ሆኖ ይደነድናል፣ ክሬሙ ውስጥ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ውኃ በሚፈላበት ዲግሪ ላይ የጎደለውን ያህል መቀነስ ነው መፍትሔው፤ ስምንት ዲግሪ ያህል፣ ማለትም ወደ 110። ተማሪዋ ቁጥሩን በትክክል ተከትላ ሲበላሽባት «እኔ ነኝ የማልችል» ትላለች። የተሳሳተው ግን ለእሷ ከተማ ያልተጻፈው ቁጥር ነው።

ቴርሞሜትር ከመለመዱ በፊት የነበሩ ጣፋጭ ሠሪዎች ሽሮፑን ጠብታ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ጥለው በጣት ይመረምሩ ነበር። ለስላሳ ኳስ ከሆነ ደርሷል። ይህ ዘዴ ከፍታ አያውቅም፤ ባሕር ዳርም እንጦጦም ላይ እኩል ይሠራል። አንዳንዴ የድሮው ዕውቀት ከመሣሪያው ይበልጥ ታማኝ ነው።

ከፍታው ኬኩንም ይነካል። አየሩ ስለሚሳሳ ጋዙ በፍጥነት ይለጠጣል፤ ኬኩ ቶሎ ይነሣና መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ወይም አናቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ የማስዋቡ ችግር ይመጣል፤ ጉድጓዱን በክሬም መሙላት፣ ክሬሙም መስመጥ። ከመጽሐፉ ቤኪንግ ፓውደርና ስኳር ጥቂት መቀነስ፣ ፈሳሹን ጥቂት መጨመር የማስዋቡን ግማሽ ሥራ ይጨርሳል።

የቅቤ ክሬም እንደ አይብ ሲቋጠር ደግሞ ከፍታ አይወቀስም። ቅቤና ውኃ ተለያይተዋል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ልዩነት። ቀዝቃዛ ከሆነ የሳህኑን ታች ለብ ባለ ውኃ አስነክታችሁ መምታት ቀጥሉ። ከሟሟ ደግሞ ፍሪጅ አስገቡና ከዚያ ምቱ። ስንቱ ክሬም ነው በአምስት ደቂቃ ትዕግሥት እጦት የተደፋው!

ቀለም

የሮጠ ቀለም ምክንያቱ ውኃ ነው። ፈሳሽ ቀለም ክሬሙን ያቀጥነዋል፤ ጄል ቀለም ይሻላል። ቀይና ጥቁር ወዲያውኑ አይደምቁም፤ በጽጌረዳ ልክ ቀይ እስኪሆን ከመጨመር ጥቂት ቀድሞ አቁሞ ሌሊቱን ማሳደር ነው። ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ቅቤው ቢጫ ስለሆነ ነው፤ የእንጨት ጫፍ የነካ ሐምራዊ ቢጫውን ያለዝበዋል። ጽሑፉን ደግሞ የታችኛው ክሬም ቀዝቅዞ ፊቱ ሲደርቅ ጻፉት።

ይህ ውበቱ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ታሪክ አለ። በ1820 ለንደን ውስጥ ፍሬደሪክ አኩም የተባለ ኬሚስት ስለ ምግብ ማጭበርበር ባሳተመው መጽሐፍ፣ የልጆች ከረሜላ በእርሳስና በመዳብ ውሁዶች እንደሚቀለም አጋለጠ። በ1858 በብራድፎርድ ከተማ አንድ ከረሜላ ሠሪ ስኳር ውድ ስለሆነ በምትኩ ርካሽ ነጭ ዱቄት እንዲገዛለት ላከ፤ በስህተት የተሸጠው አርሴኒክ ነበር። ወደ 20 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 የሚበልጡ ታመሙ። በብሪታንያ የምግብ ማጭበርበር ሕግ በ1860፣ ጠንከር ያለው ደግሞ በ1875 የወጣው ከእንዲህ ዓይነት ቀብር በኋላ ነው።

«ያ የድሮ ነው» እንዳትሉ። በ2018 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ስድስት ልጆች የልደት ኬክ በልተው ታመሙ። ኬኩ የተዋበው በሚያብለጨልጭ ዱቄት ነበር፤ ሲመረመር በመዳብ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። በሚዙሪ ግዛት ደግሞ በአንዲት ሕፃን ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ ከኬክ ላይ አበባ ጋር የተያያዘ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል ሁለቱንም በ2021 ይፋ አድርጓል።

ዕቃው ላይ «መርዛማ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ «ይበላል» ማለት አይደለም። ለጌጥ ብቻ የተሠራ ዱቄትም ያንኑ ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል። የሚበላ ከሆነ እንደሚበላ ይጻፋል፤ የተሠራባቸው ነገሮችም ይዘረዘራሉ። ዝርዝር የሌለው፣ ከትልቅ ጣሳ ተመዝኖ በትንሽ ፕላስቲክ የተሸጠ ብልጭልጭ ከሆነ ኬክ ላይ አይውጣ። ደንበኛዋ «እንደ ቲክቶኩ ወርቅ ይሁንልኝ» ብትልም አይውጣ። የዘመመ ቶርታ ይቀናል፤ ይህኛው ስህተት ግን የሚደርሰው ልጅ ሆድ ውስጥ ነው።

እጅ እንዴት ይለምዳል?

በመጨረሻ ወደ እጁ እንመለስ፤ ልምድም ታሪክ አለውና። ማሪ አንቷን ካሬም በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በፓሪስ ደሃ ቤተሰብ የተጣለ ልጅ ነበር። በኬክ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ትርፍ ሰዓቱን በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የሕንፃ ሥዕሎችን በመገልበጥ ያሳልፍ ነበር። በኋላ ቤተ መቅደስና ፍርስራሽ በስኳርና በለውዝ ሊጥ ሠርቶ ዝነኛ ሆነ፤ በ1815 ከነሥዕሎቹ አሳተመ። ክሬም ከመንካቱ በፊት እርሳስ ነክቷል።

በ1929 ዱዊ ማኪንሊ ዊልተን ቺካጎ ውስጥ ኬክ ማስዋብን ማስተማር ጀመረ። በቤተ መንግሥት ወጥ ቤትና በሱቅ ጓዳ ከጌታ ወደ ሎሌ ይተላለፍ የነበረው ሙያ በትምህርት ክፍል የሚሰጥ ሆነ። በ1934 ደግሞ ጆሴፍ ላምቤት በስሙ የሚጠራውን ዘዴ በመጽሐፍ አወጣ፤ መስመር በመስመር ላይ እየደራረቡ መጭመቅ። ዛሬ ኢንስታግራም ላይ «ቪንቴጅ» እየተባለ የሚዞረው ባለልብ ቅርጽ፣ ዘርፍ የበዛበት ኬክ የእሱ የልጅ ልጅ ነው።

ብዙ ተማሪ ያንን ሲሞክር ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ይዞት ይወርዳል። ምክንያቱን አሁን መገመት ትችላላችሁ። የላምቤት ዘዴ ለሮያል አይሲንግ የተሠራ ነው፤ አንዱ ረድፍ ደርቆ ሲደነድን ሌላው ይደረብበታል። የቅቤ ክሬም አይደነድንም፤ ይቀዘቅዛል እንጂ። ስለዚህ በየረድፉ መካከል ፍሪጅ የማድረቂያውን ቦታ ይተካ፣ ክሬሙም ጠንከር ይበል። በእጅ የተያዘው ከረጢት በሰውነት ሙቀት እንደሚቀልጥም አትርሱ፤ ጥቂት ጥቂት ሙሉና ቀያይሩ። የተቀረው ልምምድ ነው፤ በብራና ወረቀት ላይ መጭመቅ፣ በስፓቱላ መልሶ መሰብሰብ፣ እንደገና መጭመቅ። ያው አንድ ሳህን ክሬም ለሃያ ጽጌረዳ ይበቃል።

ማስዋብ ለእኛ ከውጭ የመጣ ብቻም አይደለም። አምባሻ ከመጋገሩ በፊት ፊቱ ላይ በሹል ነገር የሚወጣለትን ክብ ቅርጽ አስቡት። እናቶቻችን ሊጡ ሲነሣ መስመሩ እንደሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ካነሰ እንደሚጠፋ ያውቃሉ። ዕቃውን አውቀው ነው የሚያስውቡት። «ቶርታ» የሚለውን ቃል ከጣልያንኛ ወሰድን፤ ዕውቀቱ ግን ከድፎውና ከአምባሻው ጋር አንድ ዘር ነው።

ስለዚህ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እጄ ምን ሆነ?» አይደለም። ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው? ኬኩ እስከ መሐሉ በርዷል? ቅባቱ የቅቤ ነው የአትክልት? ክብደቱን የተሸከመው ምሰሶው ነው ክሬሙ? መጽሐፉ የተጻፈው የት ከተማ ነው? መልሱን ደብተር ላይ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፉት፤ ፍሪጁ መብራት ጠፍቶበት ከነበረ እሱንም ጨምሩ። ራፋልድ በ1769 ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ በእጇ የሠራውን ጻፈችው፣ ከእሷ በኋላ የመጡት ከዜሮ አልጀመሩም። የአዲስ አበባን ከፍታ፣ የድሬዳዋን ሙቀትና የጦሙን ክሬም የሚያውቅ የቶርታ መጽሐፍ የሚወጣው ደግሞ ከእናንተ ደብተሮች ነው።